በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና የመጀመሪያው ምክር ቤት

ከሲግናል ተነሥቶ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል ቀበናን ተሻግሮ አራት ኪሎ የሚደርስ ምእመን ሁሉ ባለ ሰዓቱን የፓርላማ ሕንፃ ያውቀዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሀገራችን ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩ። አንደኛው ብዙዎች ሴኔት የሚሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲሆን፥ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባል ነበር። ስለ እነርሱ ሲወሳ ቀድሞ የሚነሣው የነገሥታቱና የመሳፍንቱ ስም ነው። እኛ ግን በዚህ ዕትማችን ምክር ቤቶቹ የቆሙበትን ሕግ በእጃቸው የጻፉትን፥ በጉባኤም ፊት ቆመው ያስረዱትን ሰው ታሪክ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ እንጂ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበሩም። ይሁን እንጂ ሥልጣንን ለሕግ ለማስገዛት የደከመ ሰው ሕይወት ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንግዳ ነገር አይሆንም ብለን እናምናለን።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፥ በተጉለት ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ በዐድዋ ጦርነትም ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ሆነው ከሠራዊቱ ጋር ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየፍ ከተባለው የመስኮብ ሰው ጋር ወደ ሩስያ ተሻገሩ። በዚያም ከአንድ የጦር መኰንን ቤተሰብ ጋር እየኖሩ ተማሩ፤ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በመድፈኛ መኰንንነት ሠለጠኑ። ወደ ሀገራቸው የተመለሱት ዐፄ ምኒልክ በሕመም ላይ ሳሉ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ እንደ ገና ወደ አውሮፓ ሄደው የእርሻን ትምህርት ተከታተሉ። መድፍ የተማረው ሰው ወደ ማረሻ መዞሩ ምናልባት የሚያስገርም ይሆናል፤ በኋላ እንደምናየው ግን በሕይወታቸው ፍጻሜ የቀረላቸው ማረሻው ነበር።

በአስተዳደር ሥራ ከጅጅጋ ጀምሮ በልዩ ልዩ ቦታ አገለገሉ። በጨርጨር አውራጃ ገዥ በነበሩበት ጊዜ የአሰበ ተፈሪን ከተማ፥ የዛሬዋን ጭሮን፥ ቆርቁረዋል። ተክለ ሐዋርያትን ከመኳንንቱ ጋር ያጋጨ አንድ ሥራ ግን ነበር፤ ይኸውም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የጻፉት ፋቡላ የተባለው ተውኔት ነው። የአማርኛ የመጀመሪያ ተውኔት እንደ ሆነ የሚነገርለት ይህ ሥራ እንስሳትን እያናገረ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት ያሳይ ነበር። ታዳሚዎቹ መኳንንት አውሬዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ለመገንዘብ አልዘገዩም፤ ንግሥት ዘውዲቱም ተውኔቱ እንዳይታይ ከለከሉ። ስለዚህ የቴአትራችን ታሪክና የክልከላው ታሪክ በአንድ ቀን ተጀመሩ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ለሀገሪቱ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ይሰጡ ዘንድ አስበው ነበር። የማርቀቁን ሥራ የተቀበሉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት፥ የገንዘብ ሚኒስትሩ፥ ሆኑ። ለአብነት በዋናነት የተወሰደው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው፤ ጃፓን ዘውዷን ሳትጥል ዘመናዊ መንግሥት ያቆመች ሀገር በመሆኗ የዚያን ጊዜ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ዓይን ሁሉ ወደ እርሷ ያይ ነበር።

ረቂቁ በመኳንንቱ ፊት ሲቀርብ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ከታላላቆቹ ባላባቶች አንዳንዶቹ የሚገዙት አገር ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ በሕጉ እንዲጸናላቸው ፈለጉ። በትውልድ ሳይሆን በአገልግሎት ከፍ ያሉት ደግሞ ይህን ተቃወሙ፤ ሹመት የዘር ርስት ከሆነ ሠርቶ ማደግ ለማን ይቀራል የሚል ነበር የነገሩ ሥር። በመጨረሻ የዘር ውርሱ በሕጉ ሳይገባ ቀረ። በዚህ ክርክር ውስጥ አንዱ ወገን ስለ ፍትሕ ብቻ፥ ሌላው ስለ ጥቅም ብቻ ይናገር ነበር ለማለት አንደፍርም። ዘውዱም ቢሆን ከባላባቶቹ መዳከም የሚያተርፈው ነገር ነበረው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲፈረም በመሳፍንቱ፥ በመኳንንቱና በካህናቱ ጉባኤ ፊት ቆመው ምዕራፍ በምዕራፍ ያስረዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። ሕገ መንግሥት የሚለው ነገር ራሱ ለብዙው ሰሚ አዲስ ነበርና ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። ሕጉ 7 ምዕራፎችና 55 አንቀጾች ነበሩት። ያለ ሕግ ሰው እንዳይያዝና እንዳይታሰር፥ ሰው በሕግ በቆመ ዳኛ ፊት የመዳኘት መብቱን እንዳይነጠቅ፥ ቤቱ ያለ ሕግ እንዳይበረበር፥ ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ በቀር ሀብቱ እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ሕግ ሁሉ በሁለቱ ምክር ቤቶች ከተመከረበት በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ሲጸድቅ እንዲሠራበትም ያዛል። የመጨረሻው አንቀጽ በተለይ የገንዘብ ሚኒስትሩን እጅ ያሳያል ብንል የምንሳሳት አይመስለንም፤ የመንግሥት ገቢ በየዓመቱ በሚወሰን በጀት ካልሆነ በቀር እንዳይወጣ፥ በጀቱም በምክር ቤቶቹ እንዲመከርበት ይላልና። ግምጃ ቤት የጌታው ኪስ ተደርጎ በሚቆጠርበት ዘመን ይህን መጻፍ ራሱ ድፍረት ነበር።

ድካሙን ግን አንሸሽግም። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ከመኳንንቱ መካከል በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። የሕግ መምሪያውንም አባላት፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፥ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ተደረገ። ምክር ቤቶቹ ይመክራሉ፤ የሚቆርጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ሕጉ የንጉሡን ሥልጣን ከመገደብ ይልቅ በጽሑፍ አጸናው የሚሉ የታሪክ ሊቃውንት ያለ ምክንያት አይናገሩም። ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባላት ራሱ ለመምረጥ የቻለው ሕገ መንግሥቱ በ1948 ዓ.ም. ከተሻሻለ በኋላ ነው፤ ሴኔቱ ግን እስከ ፍጻሜው የተሿሚዎች ቤት ሆኖ ቀረ። የጭሰኛውንና የባለ ርስቱን ግንኙነት ያስተካክላል ተብሎ የቀረበው ረቂቅ ሕግ በባለ ርስቶች በተሞላው ፓርላማ ሲንከባለል ሳይጸድቅ መቅረቱ የዚሁ ፍሬ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንድናስተውል እንወዳለን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከመፈረሙ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፥ ግንቦት 7 ቀን 1923 ዓ.ም.፥ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ሥርዓት የታወቀውን ዓዋዲ መልእክታቸውን አውጥተው ነበር። ታናሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ ሊነጥቀው አይገባም የሚለው ትምህርት በዚያ ተብራርቶ ይገኛል። ሁለቱን ጽሑፎች የሚያገናኝ ክር የለም፤ ነገር ግን ስለ ሥልጣን ወሰን የምታስተምሩ ወገኖች አንዱን ከሌላው ጎን አስቀምጣችሁ ብታነቡ፥ የእኛው ሕግ እስከ ምን እንደ ደረሰና የት ላይ እንደ ቆመ በግልጽ ታያላችሁ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ቀጥሎ በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ፤ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ሀገራቸውን ወከሉ። የወልወል ግጭት ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ የሀገሪቱን አቤቱታ በዚያ ሸንጎ ያሰሙ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ፤ ከአራት ቀን በኋላም የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት እንደ ጀመረች አረጋገጠ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ የተከተለው ማዕቀብ ግን ነዳጅን ስላልጨመረ አጥቂውን አላቆመውም።

ስለ ቤተ ክርስቲያናችንም እውነቱን መናገር ይገባናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ነሐሴ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ለካቶሊካውያት አስታማሚዎች ጉባኤ ሲናገሩ ለወረራ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ዐመፃ እንደሚሆን ገልጸው ነበር፤ ንግግሩ ግን በብዙ ጥንቃቄ የተሸፈነ ስለ ነበር ሁሉም እንደ ፈቀደው ተረጎመው። ከኢጣልያ ጳጳሳት ብዙዎች ጦርነቱን በግልጽ ደገፉ። ከእነርሱም አንዱ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር፥ በ1996 እ.ኤ.አ. ብፁዕ የተባሉት፥ ጥቅምት 17 ቀን 1928 ዓ.ም. በካቴድራላቸው ዘመቻውን አወድሰው ሰብከዋል። ይህ በኢትዮጵያ ላለን ካቶሊካውያን መራራ ትዝታ ነው፤ ልጆቻችን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል።

በጅሮንድ ከጄኔቭ ተመልሰው ጦርነቱን በሀገራቸው ምድር አዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ እንዲሄዱ በተወሰነ ጊዜም አልተስማሙም፤ ንጉሥ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ መዋጋት አለበት የሚል አቋም ነበራቸው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ሄዱ። ተክለ ሐዋርያትም ኋላ በጅቡቲና በኤደን በኩል ተሰድደው በማዳጋስካር ተቀመጡ። ሀገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ሌሎች ስደተኞች ወደ ሹመታቸው ሲመለሱ፥ ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰው ግን በባዕድ ደሴት ቆዩ። የተመለሱት ከሃያ ዓመት ገደማ ስደት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቤተ መንግሥትን ደጅ ሳይጠኑ በጨርጨር፥ በሂርና፥ ገበሬ ሆነው ኖሩ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ የተሰኘውን ልብ ወለድና ቴዎድሮስ የተሰኘውን ተውኔት የጻፉ ደራሲ መሆናቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አባትየውም በእርሻቸው መካከል የሕይወታቸውን ታሪክ በሰፊው ጻፉ፤ በዚያም ራሳቸውንም ሆነ ነገሥታቱን ሳይምሩ ያዩትን አስፍረዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ፥ ሁለቱ ምክር ቤቶችም በዚያው ቀን ተበተኑ። የምክር ቤቶቹ አርቃቂ ያን ጊዜ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወቴ ታሪክ ብለው የተዉት ጽሑፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው በ1998 ዓ.ም.፥ እርሳቸው ካለፉ ከ29 ዓመት በኋላ ነው።