ዶናልድ ቫን ስላይክ

ዶናልድ ዴክስተር ቫን ስላይክ (እ.ኤ.አ. 1883–1971) አሜሪካዊ ባዮኬሚስት ነበር። በውሾች ደም ውስጥ ያለውን አሚኖ አሲድ በመለካት፣ የተበላ ሥጋ ከተፈጨ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ነው።

በኒውዮርክ ግዛት ፓይክ በተባለች መንደር ተወለደ፤ አባቱም ኬሚስት ነበር። በ1907 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አግኝቶ በሮክፌለር ተቋም ሥራ ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት፣ አሚኖ አሲዶች ገና አንጀት ግድግዳ ውስጥ ሳሉ ተመልሰው ፕሮቲን ይሆናሉ ብለው ያምኑ ነበር፤ በደም ውስጥ ፈልገው አጥተዋቸዋልና። ጉድለቱ ግን የመለኪያው ነበር። ቫን ስላይክ ናሙናውን ከናይትረስ አሲድ ጋር በማዋሃድ የሚወጣውን የናይትሮጅን ጋዝ የሚለካ ዘዴ ፈጠረ። በ1912 ከማየር ጋር ሆኖ፣ ሥጋ በበሉ ውሾች ደም ውስጥ አሚኖ አሲድ እንደሚጨምር አሳየ። በደም ሥር የተሰጠው አሚኖ አሲድም ብዙ ሳይቆይ ከደም ወጥቶ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይገባ ነበር። በዚያው ዓመት ፎሊንና ዴኒስ በድመቶች ላይ ባደረጉት ምርምር ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደረሱ።

ከ1914 ጀምሮ በተቋሙ ሆስፒታል ዋና ኬሚስት ሆኖ ሠራ። በሐኪሞች ዘንድ ይበልጥ የታወቀው ግን በደም ውስጥ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ኦክስጅንን በሚለካው መሣሪያው ነው። በ1965 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተሸለመ።

የናይትሮጅን ዘዴው ጠቅላላ ድምሩን እንጂ የእያንዳንዱን አሚኖ አሲድ መጠን አይናገርም ነበር። ይህን የሚለይ መሣሪያ በ1958 ከዚያው ተቋም ወጣ፤ ሠሪዎቹ ስታይን፣ ሙርና ስፓክማን ናቸው። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች በድመት ደም ውስጥ ታውሪንን ለይተው ያስለካሉ፤ ድመት ታውሪን ካጣች ዓይኗና ልቧ ይጎዳልና።