ኦቲስ ሬዲንግና የቤታችን ሕፃናት

በመጽሔታችን ገጾች ላይ የነገሥታት፣ የጀግኖችና የሊቃውንት የሕይወት ታሪክ ሲወጣ ኖሯል። እኔ የማቀርበው ግን የአንድ ዘፋኝ ታሪክ ነውና አንባቢዎቼ ቅር እንዳይላቸው አስቀድሜ እለምናለሁ። እንድጽፍ ያነሣሣችኝ የስድስት ዓመት እኅቴ ናት። እርስዋና የስምንት ዓመት ወንድሜ ከጥናቴ በኋላ በስልኬ የማሰማቸውን ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ እጅግ ይወዳሉ። አንድ ማታ እኅቴ ይህ የሚዘፍነው ሰውዬ አሁን የት እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔም ሩቅ አገር ነው ብዬ አለፍሁት። ውሸቴን ግን አልወደድሁትም፤ ስለዚህ ታሪኩን በሚገባ አጥንቼ ልነግራት ቈረጥሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦቲስ ሬዲንግ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941 በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ዳውሰን በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን በሜከን ከተማ ነው። መዝፈን የጀመረው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ሆኖ ነበር። አባቱ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ታመሙ በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ጉድጓድ በመቈፈርና ለመኪና ቤንዚን በመቅዳት ቤተ ሰቡን ይረዳ ጀመር። በከተማው ቴአትር ቤት በሚደረገው የዘፈን ውድድር 15 ሳምንት በተከታታይ አሸነፈ።

በ1962 ጆኒ ጄንኪንስ የሚባለውን ጊታር ተጫዋች ይዞ ወደ ሜምፊስ መኪና ነዳ። ስታክስ የተባለው ሸክላ የሚቀረጽበት ቤት ቀድሞ ሲኒማ ቤት ስለ ነበረ ወለሉ እንደ ሲኒማ ቤት ወለል ቍልቍል ያዘነበለ ነበር። የጄንኪንስ ሥራ በዚያን ቀን አልሰመረም፤ ጥቂት ጊዜ በመትረፉ ኦቲስ እንዲሞክር ተፈቀደለት። ሹፌር ሆኖ ሄዶ ዘፋኝ ሆኖ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ኦቲስ ሙዚቃ በኖታ አይጽፍም ነበር። ጥሩምባና ሳክስፎን የሚነፉት ሰዎች ምን እንዲነፉ እንደሚፈልግ በአፉ እያዜመ ያሳያቸው ነበር። ይህ ልማዱ በ1966 አንድ ዘፈን ወለደ፤ በዚያ ዘፈን ውስጥ የጥሩምባውን ዜማ ፋ በምትል አንዲት ድምፅ ብቻ እየደጋገመ ያዜመዋል። ወንድሜና እኅቴ እንግሊዝኛ ሳያስፈልጋቸው አብረውት የሚሉት ይህን ነው። የዘፈኑ ስም አሳዛኝ ዘፈን ማለት ነው፤ እነርሱ ግን ሶፋው ላይ እየዘለሉ ያዜሙታል። አያታችን እማማ ጥሩምባውን በሩቁ ሰምተው የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች መስለዋቸው ነበር። ብዙም አልተሳሳቱም፤ በዚያ ዘመን በፖሊስ ኦርኬስትራ የነበረውን አለማየሁ እሸቴን የመሳሰሉ ዘፋኞቻችን የአሜሪካንን ሙዚቃ አጥብቀው ይወዱ ነበርና።

በ1965 ስለ መከበር የደረሰውን ዘፈን አሪታ ፍራንክሊን በ1967 ዘፍና ከእርሱ ይልቅ ታዋቂ አደረገችው። በዚያው ዓመት አውሮፓን ዞረ፤ በካሊፎርንያም በሞንተሬይ በዓል ላይ ከዚያ በፊት የማያውቁትን ነጮች ወጣቶች አስደነቀ። ደግሞም በ1967 ስታክስ ተማሪዎች ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ የሚመክር ሸክላ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ሲያወጣ ከተሳተፉት አንዱ ትምህርቱን ያቋረጠው ኦቲስ ነው። መምህራኖቻችን ቢያንስ በዚህ ደስ ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ።

በዚያ ዓመት ጉሮሮውን ተቀደደና ሐኪሞች እንዳይናገር ስላዘዙት ለጥቂት ሳምንታት ዝም አለ። ድምፁ ከተመለሰለት በኋላ በውሃ ላይ በምትንሳፈፍ ቤት ተቀምጦ ሳለ የጀመረውን፣ በባሕር ዳር ስለ ተቀመጠ ሰው የሚናገረውን ዘፈን ከጊታር ተጫዋቹ ከስቲቭ ክሮፐር ጋር ጨርሶ ቀረጸው። መጨረሻው ላይ ቃል የለም፤ ኦቲስ ያፏጫል። ወንድሜ ይህን ፉጨት ተምሮ ቤቱን ሞላው። እማማ ግን ማታ የሚያፏጭ ሰው እባብ ይጠራል ብለው ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ከልክለውታል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለሕፃናቱ በደስታ ነገርኋቸው። የቀረውን ለመናገር ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ዲሴምበር 10 ቀን 1967 ኦቲስ ከክሊቭላንድ ወደ ማዲሰን ከተማ ለመሄድ በትንሽ አይሮፕላን ተሳፈረ። አብረውት የነበሩት ሙዚቀኞች ባርኬይስ የሚባሉ ልጆች ነበሩ። አብዛኞቹ 18 ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ማለት የእኔና የክፍል ጓደኞቼ እኩዮች ናቸው፤ ከመካከላቸው በዚያው ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ነበሩ። ከበሮ መቺው ካርል ከኒንገም ከዚያ በፊት በስታክስ አጠገብ ባለ ጠጕር ቤት ሊስትሮ ነበር። ይህን ሳነብ ረጅም ጊዜ ቆምሁ፤ የሠፈራችን ሊስትሮዎችም ሣጥናቸውን እንደ ከበሮ ሲመቱ እሰማለሁና። ሰማዩ ደመናማ ነበር፤ አይሮፕላኑም ሞኖና በሚባለው በረዷማ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። ከስምንት ሰዎች ሰባቱ ሞቱ። የተረፈው ጥሩምባ ነፊው ቤን ኮውሊ ብቻ ነው፤ የመቀመጫውን ትራስ አቅፎ በውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ኦቲስ የ26 ዓመት ሰው ነበር፤ ሚስቱንና ሦስት ትንንሽ ልጆቹን ትቶ አለፈ።

ያ የፉጨት ዘፈን በጃንዩወሪ 1968 ወጣ። ክሮፐር የማዕበልና የባሕር ወፍ ድምፅ ጨምሮበት ነበር። በማርች ወር በአሜሪካ አንደኛ ሲሆን ዘፋኙ በመቃብር ነበረ። ኮውሊና በዚያ አይሮፕላን ያልተሳፈረው ጄምስ አሌክሳንደር ባርኬይስን እንደገና አቋቋሙ። የኦቲስ ሁለት ወንዶች ልጆችም አድገው የራሳቸውን ባንድ መሠረቱና ያንኑ የአባታቸውን ዘፈን በ1982 በሸክላ አወጡት።

ይህን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ ወንድሜ ስለ መቀመጫው ትራስ ብቻ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ትራስ ሰው ይችላል ወይ ብሎ። እኅቴ ምንም አልጠየቀችም። ቆይታ ግን የፉጨቱን ቦታ ብቻ እንዳሰማት ለመነችኝ። መሽቶ ነበርና ወደ እማማ አየሁ። እማማም ጥጣቸውን መፍተላቸውን አላቋረጡም፤ እኔም ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትሁላት።