የዚግፍሪድ ማርኩስ ሕይወትና የአንዲት አሮጌ መኪና የትውልድ ዘመን

አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ብሎን ከመፍታቱና ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም መኪናዋን ማን፣ የትና መቼ ሠራት የሚለው ነው። ይህ ሳይጣራ የተጀመረ እድሳት ቅርስን መልሶ ያቆመ ይመስለዋል እንጂ በላዩ ላይ ተረት ይለጥፍበታል። ከዚህ በታች የምናቀርበው የዚግፍሪድ ማርኩስ የሕይወት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።

ማርኩስ በ1831 በሰሜን ጀርመን፣ በመክለንቡርግ ግዛት፣ ማልሺን በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ የመካኒክነት ሙያ ለመማር ገባ። ቀጥሎም ወደ በርሊን ሄዶ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ በነበረው በሲመንስና ሃልስከ የቴሌግራፍ ፋብሪካ ሠራ። በ1852 ወደ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ወደ ቪየና ተሻገረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በማሪያሂልፈር ጎዳና የራሱን የሥራ ቦታ ከፈተ። ከዚያ ቤት የቴሌግራፍ መሣሪያዎች፣ ፈንጂን ከርቀት በኤሌክትሪክ የሚያቀጣጥሉ ማሽኖችና ሌሎች ልዩ ልዩ ፈጠራዎች ወጡ። በኦስትሪያም ሆነ በውጭ አገሮች በርካታ የፈጠራ መብቶች በስሙ ተመዝግበውለታል።

ብልጭታን በሚገባ ያወቀ ሰው ቤንዚንን በብልጭታ አቃጥሎ መንኮራኩር ለማዞር ቢያስብ አያስደንቅም። በ1870 ገደማ ማርኩስ በተራ የእጅ ጋሪ ላይ ሞተር ገጠመ። ጋሪው መሪም ሆነ ፍሪሲዮን አልነበረውም፤ ሞተሩን ለማስነሳት የኋላ እግሮቹን ከመሬት ማንሳት ያስፈልግ ነበር። ለመጓጓዣ የሚበቃ አልነበረም፤ ሆኖም በቤንዚን ኃይል የሚንቀሳቀስ ጋሪ ነበር። ጋሪው ራሱ ባይተርፍም ፎቶግራፉ ቀርቷል።

ማርኩስ ከዚህ ሙከራ በኋላ ሌላ ተሽከርካሪ አሠራ። ይህችኛዋ የእንጨት እግሮች፣ መሪ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር አላት። ካርቡራተሯ የሚሽከረከር ብሩሽ ሲሆን ቤንዚኑን እየበተነ ከአየር ጋር ያደባልቃል፤ ብልጭታውን የሚሰጣት ማግኔት ነው። ፍጥነቷ የእግረኛን እርምጃ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ዛሬም በቪየና የቴክኒክ ሙዚየም ትገኛለች። ክርክሩም በእርሷ ዕድሜ የተነሳ ነው።

ማርኩስ በሞተበት በ1898 መኪናዋ በቪየና ኤግዚቢሽን ላይ ስትቀርብ የ1877 ሥራ ናት ተባለ። ቆይቶ ደግሞ ዘመኗ ወደ 1875 ተገፋ። ካርል ቤንዝ ለመኪናው የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1886 ስለሆነ፣ የተባለው እውነት ቢሆን ማርኩስ ከአሥር ዓመት በላይ ይቀድመዋል ማለት ነው። ኦስትሪያውያን በዚህ ኮሩ፤ በ1932ም በቪየና የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ሐውልት ቆመለት።

በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ሐውልቱ ተነሳ። በ1940ም የጀርመን የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ለመዝገበ ዕውቀት አሳታሚዎች ትእዛዝ አስተላለፈ። በትእዛዙ መሠረት የአውቶሞቢል ፈጣሪዎች ተብለው መጠቀስ ያለባቸው ማርኩስ ሳይሆን ዳይምለርና ቤንዝ ብቻ ሆኑ። ትእዛዙ የመነጨው ከዘር ጥላቻ ነው። አንድም ሰነድ አልተመረመረም፣ አንድም ብሎን አልተፈታም። የሰውየው ጥፋት አይሁዳዊ ሆኖ መወለዱ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። በ1950ም መኪናዋ ታድሳ ሞተሯ ተነሳ፤ በቪየና ጎዳናም ተነዳች። ከዚያ ሁሉ ግፍ በኋላ ይህ የሚያስደስት ነበር። ነገር ግን ማሽኗ ስትታደስ 1875 የሚለው ዘመን ሳይመረመር አብሮ ታደሰ። ዘመኑን መጠራጠርም ከናዚዎች ጎን እንደ መቆም የሚቆጠር መሰለ።

እውነቱ ግን በማሽኗ ውስጥ ነበር። የኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምት ሞተር የተሠራው በ1876 ነው። ኦቶ በዚህ ሞተር ላይ የነበረው የፈጠራ መብት በጀርመን የተሻረው ደግሞ በ1886 ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሞተር በ1875 መኪና ላይ ምን ያደርጋል? በ1960ዎቹ ዓመታት የቴክኒክ ታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ይዘው ሰነዶችን መረመሩ። በመጨረሻም መኪናዋ በሞራቪያ፣ አዳምስታል ላይ በሚገኘው የሜርኪ፣ ብሮሞቭስኪና ሹልትዝ ፋብሪካ በ1888 እና በ1889 መካከል መሠራቷ ታወቀ። ማርኩስ ከዚህ ፋብሪካ ጋር መሥራት የጀመረው በ1887 ነበር። ስለዚህ መኪናዋ ከቤንዝ መኪና በዕድሜ ታንሳለች።

ይህ ግኝት ማርኩስን ያሳንሰዋልን? እኛ አያሳንሰውም እንላለን። የ1870ው ጋሪ፣ የማግኔት ብልጭታውና የብሩሽ ካርቡራተሩ የእርሱ ናቸው፤ በሚኒስቴር ትእዛዝም አይፋቁም። ይልቁንም የጎዳው ወዳጆቹ በክብር ስም የጨመሩለት የአሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜ ነው። ያ ዘመን ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፣ ሥራውን ሁሉ ለመካድ ለሚፈልግ ሰው ምቹ ሰበብ ይሆናል። ስሙ በግፍ ለተፋቀ ሰው የሚገባው ካሳ የተጣራ እውነት ነው፤ የተጋነነ ምስጋና ግን ሁለተኛ በደል ይሆንበታል።

አባቶቻችን ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በትምህርት ላይ ያለን ሁላችን ነገ አሮጌ ነገር በእጃችን ይገባል፤ ለአንዱ ማሽን፣ ለሌላው ሰነድ፣ ለሌላው የአገር ታሪክ። የምንወደውን ስናድስ ከጠላት ሐሰት መጠበቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ የራስን ወገን ሐሰት መፈተሽ ነው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ብሎኑን፣ ከሐውልቱም በፊት ሰነዱን እንመርምር።