ሙሐመድ ዓሊ ወይስ ሚካኤል?

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ እዚሁ ከሚሴ ቡና ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ክርክር ነው። ወጣቶቹ ስለ ንጉሥ ሚካኤል ተነሥቶባቸው ግማሾቹ ዲኑን በሹመት የሸጠ ሲሉት፣ ግማሾቹ የወሎ ኩራት ነው አሉ። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ቸኩለዋል ባይ ነኝ።

ሰውዬው በ1842 ዓ.ም. ገደማ ከወረ ሂመኖ ኢማሞች ዘር ተወለደ። ስሙ ሙሐመድ ዓሊ ነበር። በፈረስና በጦር ያደገ፣ ለወሎ ግዛት ከአማዴ ሊበን (አባ ዋጠው) ጋር የተሻማ ተዋጊ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ወሰኑ። ሹማምንቱ ከሹመትና ከጥምቀት አንዱን እንዲመርጡ ተደረገ። ሙሐመድ ዓሊ ተጠመቀ፤ ክርስትና አባቱ ራሳቸው ዮሐንስ ሆኑ፤ ስሙም ሚካኤል ተባለ። አማዴ ሊበንም በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባለ።

ሰይፍ አንገቱ ላይ ያለን ሰው መፍረድ ለእኛ ቀላል ነው። እኔ የምወቅሰው በመጠመቁ አይደለም። ሸህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች ተነሥተው እምቢ ሲሉ፣ እርሱ ከነገሥታቱ ጎን ቆሞ የገዛ ወገኑን መውጋቱ ነው የሚከብደኝ።

ሆኖም ዓድዋን መካድ አይቻልም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ማርያም ሸዊቶ ላይ ካጠፉት መካከል የእርሱ የወሎ ፈረሰኞች ግንባር ቀደም ነበሩ። የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብቶ ኢያሱን ወለደ። ደሴን መናገሻው አደረገ። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ጫነ።

ግን የሚገርመውን ልብ በሉ! ልጁ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከዙፋን የወረደው ወደ እስልምና አዘንብሏል ተብሎ ነው። አባቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ክርስቲያን ሆኖ አገልግሎ ሳለ! ሚካኤል ጦሩን ይዞ ወደ ሸዋ ዘመተ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። እርሱም ተማረከ፤ በሰንሰለት ታስሮ አዲስ አበባ ገባ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በእስር ላይ እንዳለ ሞተ።

አያቴ (አላህ ይዘንላቸውና) ይህን ታሪክ ሲያወጉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሚካኤል ብለውት አያውቁም። ሰገሌ ላይ የተማረከውንም ሙሐመድ ዓሊ ነበር የሚሉት።