ከፍራንክፈርት እስከ ጣና፦ ኤድዋርድ ሩፐልና የሐይቃችን ዓሦች

(ከሎረል፣ ሜሪላንድ)

እኔ በምኖርበት በሎረል ከተማ ዙሪያ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሰው ሞልቷል። ገሚሱ ሮኪ ጎርጅ በሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ዳር ተቀምጦ ቅዳሜውን ያሳልፋል። ገሚሱ ግን በዚህ አይረካም። የዓመት ፈቃዱንና ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ሞንጎሊያ ታይመን፣ ጉያና አራፓይማ፣ ኮንጎ ደግሞ በጥርሱ የታወቀውን ነብር ዓሣ ፍለጋ ዓለምን ይዞራል። ታግሎ ይይዘዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜም መልሶ ይለቀዋል። ከእንዲህ ዓይነት የሥራ ባልደረባ ጋር ምሳ የበላ ኢትዮጵያዊ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፤ እናንተ አገር ምን ዓሣ አለ? ይባላል። እውነቱን ለመናገር የብዙዎቻችን መልስ አጭር ነው። ዓሣ ለእኛ ወይ ጥብስ ነው፣ ወይ ጉላሽ ነው፣ ወይም በጾም ይበላል አይበላም እያልን የምንከራከርበት ነገር ነው።

ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ለመስጠት ቀድሞ የደከመው አንድ ጀርመናዊ ነው። ስሙ ኤድዋርድ ሩፐል ይባላል። በሳይንሱ ዓለም አሞራውም ቀበሮውም በስሙ የሚጠራለት ሰው ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ከታሪክ አዋቂዎች በስተቀር እምብዛም አይወራለትም። እኔም ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ስለ እሱ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሩፐል ኖቬምበር 20 ቀን 1794 ፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለ ባንክ ነበር። ልጁም የአባቱን ፈለግ እንዲከተል ታስቦ በንግድ ሙያ ሰለጠነ። ይሁንና በ1817 ወደ ግብጽና ወደ ሲና ሄዶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ የሂሳብ መዝገብ ፊት አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም።

ገንዘብ ያለው ወጣት ለጉዞ መነሳቱ ብርቅ አይደለም። ሩፐልን ለየት የሚያደርገው ከመሄዱ በፊት መማሩ ነው። ጣሊያን ወርዶ በፓቪያና በጄኖቫ የእጽዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተለ። ባሮን ፎን ዛክ ከተባለው የከዋክብት አዋቂ ዘንድም አንድ ቦታ በምድር ላይ የት እንደሚገኝ በመሣሪያ ለክቶ ማወቅን ተማረ። መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከታሪኩ ሁሉ ይህ ክፍል ደስ ይለኛል። ወደማያውቀው አገር ሲሄድ ከስንቅና ከጠመንጃ በፊት የመለኪያ እውቀት የያዘ ሰው ነው። በ1817 ፍራንክፈርት ውስጥ የተቋቋመው የሴንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር አባል የሆነውም በዚሁ ጊዜ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞው ከ1822 እስከ 1827 የዘለቀ ነው። ሚካኤል ሃይ የተባለ የቀዶ ሕክምና አዋቂ አስከትሎ ሲናን፣ ኑቢያንና ኮርዶፋንን አዳረሰ፤ የቀይ ባሕርን ዳርቻም ተከተለ። የቀይ ባሕርን ዓሦች ከእሱ በፊት ያጠናው ስዊድናዊው ፔተር ፎርስኮል በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞቶ ሥራው ተቋርጦ ነበር። ሩፐል ያንን ሥራ ቀጠለ። ዛሬ ጠላቂ ቱሪስቶች በገንዘባቸው ሄደው የሚያዩአቸው፣ የክንፋቸው ጫፍ ነጭ የሆነ ሁለት የሻርክ ዓይነቶች ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ሩፐል በ1837 ባሳተመው ሥራ ነው። ወጪውን የሚሸፍነው ከራሱ ኪስ ነበር፤ የሰበሰበውን ግን ለከተማው ቤተ መዘክር ሰጠ።

ወደ እኛ አገር የመጣው በ1831 ነው። ምጽዋ ሲደርስ ቴዎዶር ኤርክል የተባለ አንድ የፍራንክፈርት ሰው አብሮት ነበር። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ተገድለው ትግራይ ታምሳ ነበር፤ የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤም ኃይላቸውን ወደዚያ እያሰፉ ነበር። ሩፐል መንገዱ እስኪከፈት ጠብቆ በ1832 ወደ ደጋው ወጣ፤ ወደ ሰሜን ተራሮችም ዘለቀ።

በሰሜን ተራሮች ያገኘውን ስንሰማ ልንደነቅ ይገባል። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ የገለጸው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ1835፣ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በ1840 ታተሙ። ዛሬ እያንዳንዳችን የአገር ምልክት አድርገን የምንኮራባቸው ሦስቱም እንስሳት በአንድ ሰው እጅ ወደ ዓለም መዝገብ ገቡ ማለት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ዋልያንና ጭላዳን ሲሰይም የጓደኛውን ወይም የንጉሡን ስም አልሰጣቸውም፤ የአገሬውን ስም በላቲን ፊደል ጻፈው እንጂ።

በኦክቶበር 1832 ጎንደር ገባ። ከተማዋ የቀድሞ ክብሯ ተገፍፎ ነበር፤ ሊቃውንቱ ግን አልጠፉም። ከእነሱ አንዱ ሊቅ አጽቁ ወዳጁ ሆኑና የብራና መጻሕፍት በማሰባሰብ ረዱት። እነዚያ መጻሕፍት ዛሬም ፍራንክፈርት ይገኛሉ። መቅደላ ላይ እንደሆነው በጦር ኃይል የተወሰዱ አይደሉም። ቢሆንም የእኛ ብራና በማይን ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሲታሰብ ሆድ ማስባሱ አይቀርም።

ከጎንደርም ወደ ጣና ወረደ። የዓሣው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ከዓባይ ታችኛው ክፍል የሚለየው 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። በዓባይ ታችኛው ክፍል ያለ ዓሣ ይህን መውጣት አይችልም። ስለዚህ በሌሎች ሐይቆች ገዥ የሆነው የናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም። ቦታው ባዶ በመሆኑ እኛ በጅምላ ነጭ አሳ የምንለው ወገን ሜዳውን ወረሰው። ይህ ወገን የካርፕ ዘመድ ነው፤ አፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፣ ሆድ ዕቃውም ሥጋ ለመፍጨት የተሠራ አይደለም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ጣና ውስጥ ከራሱ ወገን መካከል ሌላ ዓሣ አዳኝ ወጣ፣ ቅጠል በል ወጣ፣ ከንፈሩን አሹሎ ከጭቃ ውስጥ ትል የሚለቅም ወጣ። በተሰጠህ ዕቃ ብቻ ሥራ ተብሎ የታዘዘ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ አይሠራም።

ሩፐል በ1835 ያሳተመው ጽሑፍ እነዚህን ዓሦች ለየብቻቸው አስቀመጣቸው። አንደኛውን ጎርጓሪ፣ ሌላውን ሱርኪስ፣ ባለ ትልቅ ከንፈሩን ነድጂያ፣ ደንጊያ ላይ ያለውን አረንጓዴ እየፋቀ የሚበላውን ደግሞ በሶ አለው። በሶ ዛሬም የጣና አጥማጆች የሚጠሩበት ስም ነው። ሌሎቹም የላቲን ወይም የግሪክ ቃና የላቸውም። በዚያ ዘመን በደንገል ታንኳ ሐይቁን የሚያርሱት በተለይ ወይጦዎች ነበሩ። ዓሣውን ከዓሣ መለየት የዕለት እንጀራቸው ነውና ከማንም ሊቅ ይልቅ ያውቁት ነበር። የሩፐል ብልኀት ይህን እውቀት አለመናቁ ይመስለኛል።

በ1834 አገሩ ተመለሰ። የኢትዮጵያ ጉዞውን ታሪክ ከ1838 እስከ 1840 በሁለት ቅጽ አሳተመ። የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበርም በ1839 የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ኋላ ላይ ከሴንከንበርግ ሰዎች ጋር መስማማት አቅቶት ተራራቀ፤ ፊቱንም ወደ ጥንት ሳንቲሞች አዞረ። ጠባዩ ቀላል አልነበረም ይባላል። ዲሴምበር 10 ቀን 1884 በ90 ዓመቱ በተወለደበት ከተማ አረፈ።

ስለ ዓሦቹ የተጀመረው ክርክር ግን ከእሱ ጋር አልተቀበረም። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ስም በስም ላይ ደራረቡ። በ1973 ደግሞ እንግሊዛዊው ኪት ባኒስተር ይህን ሁሉ ሰብስቦ መልካቸው ይለያይ እንጂ አንድ ዝርያ ናቸው ሲል ደመደመ። ጎርጓሪና ሱርኪስ በአንድ ብዕር ጠፉ። በሐይቁ ላይ የሚኖሩት አጥማጆች ግን ዓሦቹን መለያየታቸውን አልተዉም። በ1990ዎቹ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሌዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ፣ ጣና ላይ ሆነው በሺህ የሚቆጠር ዓሣ ለኩ። ፍራንክፈርት ውስጥ በአልኮል ተጠብቀው የቆዩትን የሩፐልን ናሙናዎችም አስተያዩ። ውጤቱ አንድ ሳይሆን 15 ዝርያ ሆነ። ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላ ሩፐልም አጥማጆቹም ተፈረደላቸው። የእኛዎቹ አበበ ጌታሁንና እሸቴ ደጀንም በ2012 የጣናን ዓሦች የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ አሳትመዋል።

ወገኖቼ፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለፈረንጅ ምስጋና ለማብዛት አይደለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ የዚህ ዓይነት የካርፕ ወገን ቤተሰብ ነበር፤ ዛሬ ከጥቂቶቹ በስተቀር ጠፍቷል። ስለዚህ የጣናው በዓለም ላይ የቀረው ብቸኛው ነው ማለት ይቻላል። ከ15ቱ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ጎማራን፣ ርብንና መገጭን የመሳሰሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ከዚያ ወዲህ በወንዝ አፍ ላይ መረብ እየተዘረጋ፣ በላይኛው ውሃም የብርብራ ፍሬ እየተበተነ እናት ዓሦች ሳይወልዱ ይያዛሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረጉት ጥናቶች ሲነጻጸሩ የዚህ ወገን ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በ2011 እምቦጭ ተጨመረ። በርብ ወንዝ ላይም የመስኖ ግድብ ተሠርቷል።

ግድብ ሙያዬን የሚነካ ነገር ነውና አልጠላውም፤ ገበሬው ውሃ ያስፈልገዋል። ግን እዚህ ከሎረል ብዙም በማይርቀው የፓታፕስኮ ወንዝ ላይ የነበረው የብሎዴ ግድብ በ2018 የፈረሰው ከባሕር ሽቅብ የሚወጡት ዓሦች መንገድ እንዲከፈትላቸው ነው። የማይተካ ነገር ያለው አገር ደግሞ ግድቡን ሲነድፍ ገና ከመነሻው የዓሣውን መንገድ ማሰብ አለበት። ለዚህም መጀመሪያ ምን እንዳለው በስም ማወቅ ይኖርበታል።

ዋልያን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ዋልያን የጻፈው ያው እጅ ጎርጓሪንም ጽፏል። ዋልያ ቢጠፋ እናለቅሳለን፤ ጎርጓሪ ቢጠፋ ግን ገበያው ላይ አሁንም ነጭ አሳ እየተባለ የሚሸጥ ዓሣ ስለሚኖር መጥፋቱን የምናውቅ አይመስለኝም። ልጆቻችንን ለክረምት ወደ አገር ቤት ስንልክ ከጣና ገዳማት ጋር ባሕር ዳር ወደብ ላይ አጥማጆቹ ጠዋት የሚያወርዱትንም ያሳዩአቸው። አንዱን ዓሣ ከሌላው መለየት የሚችሉ ሰዎች ዛሬም እዚያ አሉ።

ቸር ይግጠመን።