ጎተራውን በሕይወቱ ሳለ የከፈተው ነጋዴ

ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሰፊ ጎተራ ለመሥራት ሲያስብ ነፍሱ በዚያችው ሌሊት የተጠራችበትን ባለጠጋ ከወንጌል ተምረን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ ግን ታሪኩን የምንመለከተው ጎተራውን በሕይወቱ ሳለ ለድኾች የከፈተውን አሜሪካዊ ነጋዴ ጆርጅ ፒቦዲን ነው።

ይህ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1795 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በዳንቨርስ ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። በትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው፤ ገና በ11 ዓመቱ ገደማ በሸቀጥ ሱቅ ሥራ ለመልመድ ገባ። አባቱ በ1811 ሲሞት የተረፈው ዕዳ ስለ ነበረ፥ ወጣቱ እናቱን ይጦር፥ ታናናሾቹንም ያስተምር ጀመር። እርሱ ያጣውን ትምህርት ሌላው እንዲያገኝ መድከም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልማዱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ በባልቲሞር የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ከበረ፤ በ1837 ወደ ሎንዶን ተሻግሮ ስሙ የታወቀ የባንክ ባለቤት ሆነ። ሚስት አላገባም፤ ለራሱም የሚያወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበረ። በ1852 ለትውልድ ከተማው፥ በ1857 ለባልቲሞር ቤተ መጻሕፍት ያለበት የትምህርት ተቋም ሰጠ። በ1862ም ለሎንዶን ድኾች መኖሪያ ቤት መሥሪያ ገንዘብ መደበ፤ ስጦታውም በመጨረሻ 500,000 ፓውንድ ደረሰ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው በ1867 የቆመው የትምህርት መርጃ ገንዘብ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ ደቡቡ ድኽቶ ነበር፤ ከባርነት የወጡት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮችም በብዙ ግዛት ማንበብ በሕግ ተከልክለው የኖሩ ነበሩ። ፒቦዲ ለዚህ ሕዝብ ትምህርት 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰጠ። ገንዘቡ የሚታደለው ከተሞቹ ራሳቸው ለትምህርት ቤቶቻቸው ገንዘብ ሲያዋጡ ነበርና፥ ርዳታው ሰዎቹን ለሥራ አነሣሣ እንጂ አላሰነፋቸውም። በ1875 በናሽቪል የመምህራን ማሠልጠኛ የተከፈተውም በዚሁ ገንዘብ ርዳታ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን ልንሸሽግ አይገባንም። የገንዘቡ አስተዳዳሪዎች ነጭና ጥቁር ሕፃናት አብረው ለሚማሩበት ትምህርት ቤት ርዳታ ነፈጉ፤ ለጥቁሮች ትምህርት ቤቶችም ለነጮቹ ከሚሰጡት አሳንሰው ሰጡ። እንጀራው ለሁሉ ተቈርሶ ሳለ አዳዮቹ ለአንዱ አበዙለት፥ ለሌላው አሳነሱበት።

ፒቦዲ በኅዳር ወር 1869 በሎንዶን ዐረፈ። አስከሬኑ በዌስትሚንስተር ገዳም ለጥቂት ጊዜ ከቈየ በኋላ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ አገሩ ተወስዶ በ1870 ተቀበረ። የተወለደባት ሰፈርም ከ1868 ጀምሮ በስሙ ትጠራለች።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ ባለጠጋ ስጦታውን ለኑዛዜ ቀን ሳያቈይ ዓይኑ እያየ ሊሰጥ ይገባዋል። ሁለተኛ፥ ምጽዋት የሚታደለው በሰው እጅ ነውና፥ የሰጪው ልብ ምንም ያህል ቢሰፋ የአዳዩ ልብ ከጠበበ ድኻው ይጐዳል። ስለዚህ የሌላው ሰው ምጽዋት በእጃችን የተሰጠን ሁላችን፥ ካህናትም ምእመናንም፥ ፊት አይተን እንዳናዳላ እንጠንቀቅ።