ዶስቶየቭስኪ፦ ስለ ቁማር ጽፎም ያልተላቀቀው፣ ኋላ ግን የተላቀቀው መሐንዲስ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው የሶሓቦችንና የዑለሞችን ታሪክ ነው። የዛሬው ባለታሪክ ግን ሙስሊም አልነበረም። ሩሲያዊ ደራሲ ነው፤ በትምህርቱ ደግሞ መሐንዲስ። በእምነቱ አርአያ እንዲሆነን አልመረጥነውም። በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በባኮ ዛሬ በስልክ በኩል ወደ ወጣቱ ኪስ የሚገባው በሽታ እሱንም ስምንት ዓመት ያህል ይዞት ነበር፤ በመጨረሻም ለቆታል። እንዴት እንደያዘውና እንዴት እንደለቀቀው ማወቁ ይጠቅመናል።

ፊዮዶር ሚካይሎቪች ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1821 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። አባቱ የድሆች ሆስፒታል ሐኪም ነበር። በ1838 ፒተርስበርግ በሚገኘው የጦር ምሕንድስና ትምህርት ቤት ገባ። ሒሳቡንና የምሽግ ንድፉን ተምሮ በ1843 ተመረቀ። ልቡ ግን መጻሕፍት ላይ ስለነበር በዓመቱ ሥራውን ለቀቀ። የመጀመሪያ ልቦለዱ በ1846 ሲታተም ገና 24 ዓመቱ ነበር፤ ስሙም ወዲያው ታወቀ።

በ1849 መንግሥትን ከሚተቹ ወጣቶች ጋር ተገኝተሃል ተብሎ ታሰረ፤ ሞትም ተፈረደበት። እስረኞቹ አደባባይ ወጥተው፣ ወታደሮቹ ጠብመንጃቸውን ደግነው ሳሉ ቅጣቱ መለወጡ ተነገራቸው። ዶስቶየቭስኪ እግሩ በብረት ታስሮ ወደ ሳይቤሪያ ተላከና ኦምስክ በሚገኝ እስር ቤት አራት ዓመት በከባድ ሥራ አሳለፈ። እዚያ ከዳግስታን ከመጡ ሙስሊም እስረኞች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረ። ስለ እስር ቤቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሶላታቸውና ስለ ጾማቸው በአክብሮት ይተርካል። አሌይ የሚባለውን ወጣት ሩሲያኛ ማንበብ እንዳስተማረውም ጽፏል። በ1854 ከእስር እንደወጣ ለወንድሙ በላከው ደብዳቤ እንዲላኩለት ከጠየቃቸው መጻሕፍት አንዱ ቁርኣን ነበር። ቾካን ቫሊኻኖቭ የተባለውን የካዛኽ ምሁርም ወዳጅ አድርጎት ነበር። ይህን ስንል በ1870ዎቹ በራሱ መጽሔት ላይ ኢስታንቡል የሩሲያ ትሁን ብሎ መጻፉን ዘንግተን አይደለም። ሰውየው ሙሉ ሰው ነው፤ ጥሩም ክፉም ጽፏል። እኛ የምንፈልገው ግን ከቁማር ጋር ያደረገውን ትግል ነው።

ወደ ቁማር የገባው አርባኛ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ነው። በ1863 ወደ አውሮፓ ሲጓዝ ቪስባደን በምትባል የጀርመን ከተማ ሩሌት ተጫወተ፤ ከ10,000 ፍራንክ በላይም በላ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ወዲያው መልሶ ተበላ። የተረፈውን ከፍሎ ለቤተሰብ ላከ። ቀጥሎ ባደን ባደን በምትባል ሌላ ከተማ የያዘውን ሁሉ አጣና የላከው ገንዘብ እንዲመለስለት መለመን ጀመረ። የመጀመሪያው ትልቅ ብር ብዙ ቁማርተኛን ይዞ የሚያስቀር ወጥመድ ነው። ከዚያ ወዲያ የተበላው ሁሉ ያን ቀን ለመመለስ ሲል ነው።

ከራሱ የማይላቀቀው አንድ ሐሳብም ነበረው። ሚስጥሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ ይል ነበር፦ ጨዋታው ላይ አለመሞቅ፣ ልብን ማቀዝቀዝ፣ ሒሳቡን መጠበቅ። በተበላ ቁጥር ስህተቱ የስልቱ አይመስለውም፤ ስልቱን ያልጠበቀው እሱ ራሱ እንደሆነ ያስባል። ይህ ንግግር ለእኛ አዲስ አይደለም። ትኬት የሚቆርጥ ወንድማችን አንድ ጎል ነው የበላኝ ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ሒሳቡን እንየው፤ መሐንዲሱም ቢሠራው ኖሮ ይበጀው ነበር። ሩሌት ከ0 እስከ 36 ቁጥሮች አሉት፤ በድምሩ 37 ናቸው። አንድ ቁጥር ላይ 1 ብር ያስያዘ ሰው ከወጣለት የሚመለስለት 36 ብር ነው። ስለዚህ ከተያዘው 37 ብር ውስጥ በአማካይ 1 ብር ቤቱ ይቀራል፤ ልብ ቀዘቀዘም ሞቀም። የእኛ ዘመን ትኬት ከዚህ ይብሳል። እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ውጤቶች ለእያንዳንዱ 1.90 ኦድ ቢሰጥ፣ የተያዘ 100 ብር በአማካይ የሚያወጣው 95 ብር ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ጨዋታዎች አንድ ትኬት ላይ ሲደረደሩ 0.95 አሥር ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ 100 ብሩም 60 ብር ገደማ ብቻ ያወጣል። የቀረውን 40 ብር ኳሱ ሳይጀመር ትተነዋል ማለት ነው።

በ1864 የመጀመሪያ ሚስቱና ወንድሙ በተከታታይ ሞቱበት። የወንድሙን ዕዳና ቤተሰብ እሱ ተሸከመ። በ1865 ዕዳውን በአንድ ሌሊት እከፍላለሁ ብሎ እንደገና ቪስባደን ሄደና በአምስት ቀን ውስጥ የእጅ ሰዓቱን ሳይቀር ጨረሰ። ያረፈበት ሆቴል ምሳና እራት ከለከለው፤ በሻይ ብቻ ዋለ። ዝነኛውን ወንጀልና ቅጣት የተባለውን ልቦለድ መጻፍ የጀመረው በዚያ ረኀብ ውስጥ ሆኖ ነው።

በዚያው ዓመት ስቴሎቭስኪ ከተባለ አሳታሚ 3,000 ሩብል ወስዶ ከባድ ውል ፈርሞ ነበር። እስከ ኅዳር 1 ቀን 1866 አዲስ ልቦለድ ካላስረከበ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመት የሚጽፈውን ሁሉ ያለ ክፍያ ያትማል። ቀኑ ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ዶስቶየቭስኪ አንድም ገጽ አልጻፈም። ወዳጆቹ ሲነገር እየሰማች በፍጥነት የምትጽፍ አና ግሪጎርየቭና የምትባል የ20 ዓመት ወጣት አገኙለት። በ26 ቀን ውስጥ መጽሐፉ አለቀ። ርዕሱ ቁማርተኛው ነበር።

ልብ እንበል። ሰውየው ቁማርተኛ እንዴት እንደሚያስብ፣ ራሱን እንዴት እንደሚያታልል፣ ነገ እተዋለሁ እያለ ዕድሜውን እንዴት እንደሚጨርስ ከማንም በላይ አውቆ በ1866 ጻፈው። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ተጫወተ። ማወቅ ብቻውን አላዳነውም። ቁማር ሐራም መሆኑን አያውቅም ወይ እያልን በወንድማችን ላይ ስንገረም ይህን እናስታውስ። ያውቃል። ብዙ ጊዜ ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

በ1867 አናን አገባ። ከአበዳሪዎች ሸሽተው ለጥቂት ወራት ብለው ከሩሲያ ወጡ፤ ሳይመለሱ ከአራት ዓመት በላይ ቆዩ። በዚያ ዓመት ክረምት ባደን ባደን ውስጥ የጋብቻ ቀለበታቸውን፣ የአናን የጆሮ ጌጥ፣ ልብሷን ሳይቀር አስያዘ። ሲበላ ያስመልሰዋል፣ ሲበላበት እንደገና ያስይዘዋል። እያለቀሰ እግሯ ላይ ይወድቃል፤ በማግስቱ ይመለሳል። በ1868 ጄኔቭ ላይ የተወለደችው የመጀመሪያ ልጃቸው ሶንያ በሦስት ወሯ ሞተች። ያ ሁሉ ሐዘን እንኳ ቁማሩን አላስቆመውም።

አና ምን አደረገች? አልሰደበችውም። ጭቅጭቅ እንደማይጠቅም ቶሎ ገባት። ነገሩን እንደ ክፉ ጠባይ ሳይሆን ሰውየው ሊቋቋመው እንደማይችል በሽታ እንዳየችው በትዝታ መጽሐፏ ጽፋለች። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ቁማርን ከሱሶች ጋር የመደበው በ2013 ነው፤ ይህች ወጣት ሚስት ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ ደርሳበታለች። ነገር ግን ገንዘብ በጠየቃት ቁጥር ትሰጠው ነበር፤ ያ ደግሞ አላዳነውም። ርኅራኄዋ ቤቱን አቆመው፤ ብሩ ግን ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሁለቱን ለይተን እንያቸው።

የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 1871 ነው። አና እርጉዝ ነበረች፤ የሚኖሩት ድሬስደን ነው። እሱ ሥራው አልሄድ ብሎት ተጨንቆ ስለነበር ይወጣለት ብላ ካጠራቀመችው ሰጥታ ወደ ቪስባደን ላከችው። ተበላ። መመለሻ 30 ታለር እንድትልክለት ጻፈላት፤ የላከችለትንም ተበላ። በዚያ ሌሊት የሩሲያ ቄስ ፍለጋ በማያውቀው ጨለማ መንገድ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን መስሎት የደረሰበት ሕንፃ የአይሁድ ምኩራብ ሆኖ አገኘው። ቀዝቃዛ ውኃ እንደተደፋበት ሰው ደንግጦ ወደ ማረፊያው ተመለሰ። ሌሊቱን ለሚስቱ ሁሉንም ዘርዝሮ ጻፈ፤ ያሠቃየው ምኞት እንደለቀቀውና ከእንግዲህ እንደማይጫወት ነገራት።

አና መጀመሪያ አላመነችም። እንዲህ ያለ ቃል ስንት ጊዜ ሰምታለች! ያ ደብዳቤ ከቀድሞዎቹ የሚለይበት ምልክት አልነበረውም። ይሁንና ይህኛው እውነት ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሕክምና ወደ ጀርመን አራት ጊዜ ሄዷል፤ በሕይወቱ ዳግመኛ ቁማር አልተጫወተም።

በ1871 ሐምሌ ወደ ፒተርስበርግ ተመለሱ። አበዳሪዎቹ በር ላይ ጠበቋቸው። አና ከዚህ በኋላ የገንዘቡን ነገር ሁሉ በእጇ አስገባች። ከአበዳሪዎች ጋር የምትነጋገረው እሷ፣ ውል የምትዋዋለው እሷ ሆነች። በ1873 የባሏን ልቦለድ ራሳቸው አሳትመው ከቤታቸው መሸጥ ጀመሩ። እሱ ይጽፋል፤ እሷ ትሸጣለች፣ ዕዳ ትከፍላለች። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ ታላቅ የሚባለውን የካራማዞቭ ወንድማማቾችን በ1880 ጨረሰ፤ በ1881 በ59 ዓመቱ ሞተ። ቁማሩን ለመተው አንዲት ሌሊት በቅታዋለች፤ ዕዳውን ለመክፈል ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ሱስ የተወ ሰው ወዲያው ሁሉ ነገር እንዲስተካከልለት መጠበቅ የለበትም።

ወንድሞችና እህቶች፣ የጃሂሊያ ዐረቦች ቁማር፣ ማለትም መይሲር፣ በቀስት ዕጣ የታረደ ግመል ሥጋ መከፋፈል ነበር፤ የበላው ሥጋውን ለድሆች ያድል ነበር። ሱረቱል በቀራ 219ኛው አንቀጽ ጥቅም እንዳለው ሳይክድ ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ያስተምራል። ሱረቱል ማኢዳ 90ኛውና 91ኛው አንቀጽ ደግሞ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አጣምሮ የሸይጧን ሥራ መሆኑን፣ ጠላትነትን እንደሚዘራ፣ አላህን ከማውሳትና ከሶላት እንደሚያግድ ይነግረናል። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ በተደጋጋሚ የተቀጣ አንድ ሰው ነበር። ከተሰበሰቡት አንዱ ሲረግመው ነብዩ ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስም አንድ ባሪያ ወንጀል ሠርቶ ምሕረት ይጠይቃል፣ ይማራል፤ ደግሞ ይሠራል፣ ደግሞ ይጠይቃል፣ ይማራል።

ስለዚህ የነን ካፌ ብሩን ለትኬት የጨረሰ፣ ቤተሰብ ለመጽሐፍ የላከለትን የተበላ፣ ከዶርም ልጆች ሁሉ የተበደረና ከዓይናቸው የሚሸሽ ወንድም ካለን፣ ብር አናበድረው፤ እራት ግን አብረነው እንብላ። ሰባት ጊዜ ትቻለሁ ብሎ ቢመለስ ስምንተኛውን በፌዝ አንቀበለው። የትኛው ቃል እውነተኛው እንደሚሆን አና አላወቀችም፤ እኛም አናውቅም። ራስህ በዚህ ውስጥ ካለህ ደግሞ ለአንድ የምታምነው ሰው ዛሬ ሁሉንም ንገረው፤ አንድም ብር ሳትደብቅ። የስልክህን የገንዘብ መላኪያና የባንክ ካርድህን ለጊዜው እሱ ይያዝልህ። የሚያጫውቱህን ግሩፖች ውጣ፤ አፑን አጥፋ። ካምፓሱ ውስጥ ያሉትን ሐኪምና የሥነ ልቦና አማካሪ ማናገር ነውር አይደለም፤ ሕይወትህን መጥላት ከጀመርክ ደግሞ ሳታድር ሂድ። ተውበት አድርገህ ዕዳው ከከበደህ የመስጂዱን ኡስታዝ አማክር፤ በሱረቱት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለዕዳ ነው።

አላህ የተያዙትን ይፍታ፣ የተዉትን ያጽና፣ እኛንም ለወንድሞቻችን በር ከሚዘጉት አያድርገን። አሚን።